ከሐይቁ የሚመጣ ድምፅ

እሑድ፣ ሜይ 9፣ 2021

ይህን መጻፍ ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላውቅም። የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው የምጽፈው። ተደብቄ የሰው ወሬ እሰማለሁ። በር ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ መኪና ውስጥ የተኛሁ መስዬ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ይሆናል ጆሮዬ የበረታው። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ።

ዛሬ ዳግም ትንሣኤ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ መሪውን እንደያዘች «ያ ሰውዬ ምን አለ?» አለችኝ። ያ ሰውዬ አባቴ ነው። ስሙ እሸቱ ነው፤ እሷ ግን ከሄደ ጀምሮ ስሙን አትጠራም።

«እንኳን አደረሳችሁ ብሏል።»

«ለማን?»

«ለሁለታችንም።»

ሞርስ ሮድ ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንኳን አልነዳችም። ከኋላ ጥሩምባ ነፉብን።

አባዬ ያለው ሩዋንዳ ነው፣ ኪቩ የሚባል ሐይቅ ላይ። ዳሩ ላይ አይደለም፣ ራሱ ውኃው ላይ፣ እንደ መርከብ በሚንሳፈፍ ትልቅ ብረት ላይ ቧንቧ ይበይዳል። ከሐይቁ ሥር ጋዝ እያወጡ መብራት ያመነጩበታል። ድሮም ሥራው ብየዳ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጣን በኋላ ግን ግሮቭ ሲቲ፣ ዌርሃውስ የሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ኖረ። ያደታ የሚባል የድሮ የሥራ ባልደረባው ከሐይቁ ደውሎ «በያጅ እንፈልጋለን» ሲለው ፊቱ ተለወጠ። ባለፈው መስከረም ሄደ።

የሄደ ቀን እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ከዚህ በር ከወጣህ ያለ ሽማግሌ አትመለስም» አለችው። አባዬ ሻንጣውን አስቀምጦ በሩን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው። ልማዱ ነው። ብረትም ይሁን ግድግዳ፣ ያገኘውን ያንኳኳል። «ሲመቱት ይናገራል፣ ውስጡ ባዶ ይሁን ሙሉ» ይላል። ከዚያ ወጣ።

ረቡዕ፣ ሜይ 12

እኩለ ቀን ላይ ሳይረኑ ጮኸ። ለአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ የተተከለው ነው፤ በየሳምንቱ ረቡዕ ይሞክሩታል። የመጣን ሰሞን ሰምቼው አልጋ ሥር ገብቼ ነበር። አባዬ በእግሬ ጎትቶ አወጣኝና «አትፍሪ፣ ከተማዋ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በጮኸ ቁጥር «ይማርሽ» ይላት ነበር። ዛሬ ብቻዬን አልኳት።

የሳይንስ መምህራችን ስለ አንድ የኃይል ምንጭ በዙም እንድናስረዳ አዘዘች። ሁሉም ፀሐይና ነፋስ መረጡ። እኔ በቻት «ሐይቅ» ብዬ ጻፍኩላት። «ግድብ ማለትሽ ነው?» አለችኝ። አይደለም ለማለት ማይኩን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትኩም።

እሑድ፣ ሜይ 16

አባዬ የጠየቅኩትን መለሰልኝ። ሁልጊዜ ድምፅ ነው የሚልከው፤ «ጣቴ ለፊደል ወፍራም ነው» ይላል። ከበስተኋላው ነፋስ አለ፣ ብረት ይንጫጫል። ለትምህርት ቤት እንዲሆነኝ ያለውን እገለብጣለሁ።

«ማሪዬ፣ ሐይቁን እንዳልተከፈተ ለስላሳ አድርገሽ አስቢው። ሚቴን የሚባለው ጋዝ ከሥር ውኃው ውስጥ ሟሙቶ ተቀምጧል። ክዳኑ ከላይ ያለው የውኃ ክብደት ነው። ረጅም ቧንቧ እናወርድና መጀመሪያ በፓምፕ ትንሽ እንስበዋለን። ውኃው ከፍ ሲል አረፋ ያወጣል፤ ከዚያ አረፋው ራሱ ውኃውን ይዞት ይመጣል፣ ማንም አይገፋውም። ማስጀመሩ ነው ከባዱ። ላይ ሲደርስ ጋዙን ከውኃው እንለያለን፣ እናጥበዋለን፣ በቧንቧ ወደ ዳር እንሰደዋለን። እዚያ ሞተር ያዞራል፣ ሞተሩ መብራት ይሰጣል። የቀረውን ውኃ ግን ዝም ብለን አንደፋውም። ወደ ቦታው፣ ወደ ጥልቀቱ እንመልሰዋለን። ያለ ቦታው የተመለሰ ውኃ ሐይቁን ይረብሻል።»

ትምህርቴ ትንሽ ነው። የስደተኞች ካምፕ እያለን አስተማሪ ሲገኝ ደብተር አይገኝም፤ ፊደል ያስቆጠረኝ አባዬ ነው፣ በከሰል፣ የውኃ በርሜል ላይ። ይህን ግን ተረዳሁት።

አንድ ነገር። ሻወር ገብቼ ስወጣ ስልኬ ካስቀመጥኩበት ተነሥቷል። የአባዬ መልእክት እኔ ካቆምኩበት አልፎ ሄዷል። እማዬ ትሰልለኛለች። የራሷን ስልክ ግን አታስነካኝም። ባለፈው የአየር ጠባዩን ስታይ በትከሻዋ በኩል አየሁባት፤ ሁለት ከተማ አላት፣ ኮሎምበስና ኪጋሊ። ምን ትከታተላለች?

ቅዳሜ፣ ሜይ 22

እሳተ ገሞራ። ሐይቁ አጠገብ ያለው ተራራ ፈነዳ። ዩቲዩብ ላይ ሰማዩ ቀይ ነው፣ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ይሮጣል። አባዬ አያነሳም። ያደታም አያነሳም።

እማዬ «እሱ ካለበት ሩቅ ነው» አለች። ወደ ሥራ ልትሄድ ወጣችና ቁልፏን ረስታ ተመለሰች። ደግማ ወጣች፤ ስልኳን ረስታ ተመለሰች።

ሰኞ፣ ሜይ 24

መጣ። «ደህና ነኝ። መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ኔትወርክ የለም። አትስጉ።»

በጽሑፍ።

እማዬ ስታነበው ቆይታ ስልኩን መለሰችልኝና መታጠቢያ ቤት ገባች። ውኃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። እኔ ግን አልተደሰትኩም። አባዬ መቼ ጽፎ ያውቃል? ይህን ያደታም ሊጽፈው ይችላል። ማንም ሊጽፈው ይችላል።

ረቡዕ፣ ሜይ 26

ስለ ሐይቁ አስረዳሁ። ስለ ቧንቧው፣ ስለ አረፋው፣ ውኃው ወደ ቦታው ስለመመለሱ፣ ሁሉንም። በእንግሊዝኛ፣ ሳልንተባተብ። ስጨርስ መምህሯ «ማራኪ፣ ሚውት ላይ ነሽ» አለችኝ፤ ማይኬ ተዘግቶ ነበር። ጊዜው አልቆ ስለነበር በጽሑፍ ላኪው አለችኝ። አንድ ልጅ ሳቀ።

እሑድ፣ ሜይ 30

ባላነብ ይሻለኝ ነበር። እኔ ሳልወለድ፣ ካሜሩን ውስጥ የሚገኝ አንድ ሐይቅ ከሥሩ የያዘውን ጋዝ በአንዴ አውጥቶ የተኙ ሰዎችን ጨርሷል። አልተቃጠሉም፣ አልሰጠሙም፣ በተኙበት ቀሩ። ኪቩም ውስጥ እንደዚያ ያለ ጋዝ ከሚቴኑ ጋር ተቀላቅሎ አለ። መንቀጥቀጡ ሐይቁን ያናጋው እንደሆነ እያሉ ሰዎች ይከራከራሉ። አባዬ አንድ ጊዜ «እኛ ሐይቁን እያስተነፈስነው ነው፣ በአንዴ እንዳይመጣ» ብሎኝ ነበር። ያን ድምፅ ፈልጌ ሰማሁት። ይህን ያለው ድሮ ነው፣ ከመንቀጥቀጡ በፊት።

ዛሬም የመጣው ጽሑፍ ነው። «ደህና ነኝ።» ድምፅህን ላክልኝ ብዬ ጻፍኩ። «ይቆይ» አለኝ። ምኑ ነው የሚቆየው?

ቅዳሜ፣ ጁን 5

ሰሞኑን ምንም አልመጣም።

እትዬ ሂሩት መጣች። የጋሼ ተስፋዬ ሚስት ናት፤ ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። አባዬን ዌርሃውስ ያስገባው ጋሼ ተስፋዬ ነበር፣ እንደ ወንድሙ ነው። ለወትሮው ከበር ሳትገባ ትጮኻለች፤ ዛሬ ግን ቀስ ብላ ገባች። እማዬ ተኝታ ነበር፣ ናይት ሺፍት ነው የምትሠራው፣ ሽማግሌ አሜሪካኖችን ትንከባከባለች። እትዬ ሂሩት አቀፈችኝና አልለቅ አለችኝ። ዓይኗ እንባ አለው።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም ነዋ! እናትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ትገባለች?»

ለምን ትጠይቀኛለች? ደውላ አትጠይቃትም?

ማክሰኞ፣ ጁን 8

ከአባዬ ስልክ ሁለት መልእክት መጣ። አሁን «ከአባዬ ስልክ» እላለሁ እንጂ ከአባዬ አልልም።

እራት በልተን ስንነሣ «ምን እየሠራህ ነው?» ብዬ ጻፍኩ፤ ወዲያው መለሰ። እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል። አባዬ ሥራ ከሌለው በጊዜ ነው የሚተኛው። «ዝናቡን እያየሁ ነው» አለኝ። እዚህም ሲዘንብ ነው የዋለው። እማዬ ለሥራ ስትለብስ ስልኳን አነሣሁ። ኪጋሊ ዝናብ የለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ነው።

የሚጽፍልኝ ሰው ይዋሻል። አባዬ አይዋሽም። ታዲያ የአባዬን ስልክ የያዘው ማን ነው? አባዬስ ስልኩን ለምን ሰጠ?

ሐሙስ፣ ጁን 10፣ ዕርገት

አሁን አውቄዋለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ሂሩት መኪናዋ ውስጥ ሆና ስልክ ታወራለች፣ መስኮቱን ሳትዘጋ። ከኋላ ቆሜ ሰማሁ።

«ይህ ነገር ጾሙ ሳይገባ ማለቅ አለበት። … አይ፣ ሰገነት ቀድማ እንዳትሰማ! ከሰማች ልቧን ታደነድናለች። … ልጅቷም አትስማ፣ ለእናቷ ትነግራታለች። … ጋሼ ሰይፈሥላሴን ጨምሩት፣ እሱ አነጋገር ያውቅበታል። አንተ ከጀመርከውማ ሁሉን ታበላሸዋለህ። … ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሥራ እንደገባች።»

ሰገነት እናቴ ናት።

መርዶ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት የእትዬ ገነት ወንድም አገር ቤት ሲሞት እንዲሁ ነበር። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። አቅፈው ይስሟታል፣ ፌስቡክ እንዳትከፍት ስልኳን ደበቁባት። ከዚያ በጠዋት፣ ማስክ አድርገው፣ በረዶው ላይ ተሰልፈው በሯን አንኳኩ። እማዬ ያኔ «የሩቅ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ሄዶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው» ብላኛለች። ገና ሲያንኳኩ ነው እትዬ ገነት የጮኸችው። ምንም ሳይሏት።

ለእማዬ አልነግራትም። እሷስ ታውቅ ይሆን? መታጠቢያ ቤት ያለቅስ የነበረው ውኃ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጁን 12

አደረግሁት። እንዳለ እጽፈዋለሁ።

እማዬ ገብታ፣ ነጭ የሥራ ጫማዋን አውልቃ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። የመኝታ ቤቷን በር ዘጋሁባት፤ ከሥሩ ፎጣ ወተፍኩ። ከዚያ በመስኮት ጠበቅሁ።

የጋሼ ተስፋዬ መኪና ፓርኪንጉ ውስጥ ገብታ ቆመች። ሦስት ሰዎች ወረዱ። ጋሼ ተስፋዬ፣ ጋሼ ሰይፈሥላሴ በሙሉ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ሌላው ጋሼ አምሳሉ፣ ጉልበቱን የሚያመው። አራተኛው ሰው ከኋላ ወንበር አልወረደም። ባርኔጣና ማስክ አድርጓል፣ አንገቱን ደፍቷል። ቄስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እማዬ ራሷን ከሳተች የሚጠሩት። ክንዱን በመስኮት አውጥቶ የመኪናውን በር በጣቶቹ ቀስ እያለ ይመታል። መርዶ ይዞ መጥቶ እንዴት እንደዚህ ይጫወታል ብዬ ጠላሁት።

አንኳኩ። ሰንሰለቱን ሳልፈታ ከፈትኩ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ» አለ ጋሼ ሰይፈሥላሴ። «እናትሽ ገብታለች?»

«ለምን መጣችሁ?»

ተያዩ። «ይህ ላንቺ የሚነገር አይደለም። እናትሽን ጥሪልን።»

ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «እናንተን ማየት አልፈልግም ብላለች።»

ጋሼ ተስፋዬ አንድ እርምጃ ቀረበ። «መምጣታችንን ማን ነገራት?»

«ታውቃለች። ምን ልትሏት እንደመጣችሁም ታውቃለች። አልሰማም ብላለች። ሁለተኛ አትምጡ ብላለች።»

ጋሼ አምሳሉ የደረጃውን ብረት ይዞ «በል እንግዲህ፣ ይህን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት ለጤናዬ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። ጋሼ ሰይፈሥላሴ ጋቢውን አስተካከለ። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን ሳይሆን እፍረት ይመስላል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

«እግዜር ያሳስባት። ደኅና ዋይ ልጄ» አለኝ።

ሲወርዱ ጋሼ ተስፋዬ መስኮቱ ጋ ሄዶ ለዚያ ለተቀመጠው ሰው አንድ ነገር ነገረው። ክንዱ ወደ ውስጥ ገባ። መስኮቱ ተዘጋ።

እማዬ አልነቃችም። ዛሬ ቢያንስ ባሏ አልሞተባትም። ካልተነገረ አልሆነም። በየቅዳሜው ቢመጡም ልመልሳቸው እችላለሁ።

እሑድ፣ ጁን 13

ቤተ ክርስቲያን እትዬ ሂሩት እማዬን አላየሁም ብላ አለፈቻት።

«ሂሩትን ምን አደረግኋት?» አለች እማዬ መኪና ውስጥ። «ሰላም ስላት ማስኳ ውስጥ አጉረመረመች። ተስፋዬም ፊቱን አዞረብኝ። እንደ ባለ ዕዳ!»

ለባለ መርዶ ፊት አይዞርም። ለእትዬ ገነት ማንም ፊቱን አላዞረባትም። ይህን ማሰብ አልፈለግሁም፣ ግን አሰብኩት።

ማክሰኞ፣ ጁን 15

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ሳልጠይቃት መናገር ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው።

«ያ ሰውዬ ኩራቱ! ተራራ ፈንድቶበት እንኳን አንድ ሽማግሌ አልላከም። እኔ ምን አልኩት? በሽማግሌ ና አልኩት እንጂ አትምጣ አልኩት? ሽማግሌ የሚላከው ሚስት ተንቃ እንዳትቀር ነው። ቢልክ … ሦስት ጊዜ እንኳን አላመላልሳቸውም ነበር።»

«በመጀመሪያው ቀን ታስገቢያቸው ነበር?»

«ጫማ እንኳን አላስወልቃቸውም» አለች። ከዚያ «ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ፣ ውኃውን ጣጂ» አለችኝ።

ውኃውን ጣድኩት። ሽማግሌ ለመርዶም ይመጣል፣ ለዕርቅም ይመጣል። በጠዋት ይመጣል፣ ቆሞ ያንኳኳል፣ «እናትሽን ጥሪልን» ይላል። በምን ይለያል?

አይሆንም። አባዬ ቢኖር ድምፁን ይልክልኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጁን 16

ዛሬ ድምፅ መጣ።

ሳይረኑ ውጭ ጮኾ ገና ዝም ማለቱ ነበር። «ይማርሽ» ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ። ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፌ ከፈትኩት።

«ማሪዬ፣ አባትሽ ነኝ። ድምፄን ያላሰማሁሽ ሆን ብዬ ነው፤ አንድ ቀን ትረጂኛለሽ። ዓርብ ወደ ሐይቁ እመለሳለሁ። እናትሽን አትቀየሚያት፣ መብቷ ነው። ሰው በር ድረስ መጥቶ አልሰማም ከተባለ፣ ሁለተኛ ሽማግሌ መላክ እሷን ማስጨነቅ ነው። በርትተሽ ተማሪ። ያን የሐይቁን …»

ከኋላው ጩኸት ተነሣ። መጀመሪያ የሚንሳፈፈው ብረት ማንቂያ ነው አልኩ። ያንን ግን በሌላ መልእክት ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ዶሮ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው የሚጮኸው። ይሄኛው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አባዬ ንግግሩን አቋርጦ፣ ከአፉ ያመለጠው ይመስለኛል፣ «ይማርሽ» አለ። ከዚያ መልእክቱ ተቆረጠ።

ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ሳልበላ ዋልኩ።

እሱ እዚህ ነው። ሂልቶፕ፣ ጋሼ ተስፋዬ ቤት። ዝናቡን ያየው ከእኔ ጋር ነው። ስጽፍለት ወዲያው የመለሰው ለእሱም ምሽት ስለነበረ ነው። ድምፁን የከለከለኝ፣ ሁሉም ከእኔ የደበቁት ለእማዬ እንዳልነግራት ነው፤ አባዬ ደጃፏ ላይ እንደ ወጉ፣ እሷ እንዳለችው አድርጎ እንዲቆም። መኪናው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የነበረው፣ የመኪናውን በር በጣቱ ሲመታ የነበረው … በመስኮት እያየሁት ጠላሁት። ሽማግሌዎቹ ሊያስታርቁ ነበር የመጡት፤ እኔ በእናቴ አፍ አሳፈርኳቸው። አሁን እሱ ከበር የመለሰችው እሷ ትመስለዋለች፣ እሷም እሱ የተዋት ይመስላታል። ሁለቱም ዝም ብለዋል። ከዓርብ በኋላ ዝም እንዳሉ ይቀራሉ።

ለአባዬ ልጽፍለት ጀመርኩና አጠፋሁት። በስልክ ብነግረው እሱን ለማጽናናት የፈጠርኩት ይመስለዋል። ደግሞም ያሳፈርኩት እሱን ብቻ አይደለም። ጋሼ አምሳሉ በዚያ ጉልበቱ ደረጃ ወጥቷል።

እማዬ ሥራ ናት። ነገ ጠዋት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ እነግራታለሁ። እንደ ዙሙ ሳይሆን፣ የሚሰማ ድምፅ አውጥቼ። ትቆጣኛለች፣ ትምታኝ። ከዚያ መኪናውን ካላስነሣች፣ በአውቶቡስ መሀል ከተማ ወርጄ ወደ ሂልቶፕ የሚወስደውን የብሮድ ስትሪቱን እይዛለሁ፤ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም፣ ሹፌሩን እጠይቃለሁ። የጋሼ ተስፋዬን በር አንኳኳለሁ። ማን ነው ሲሉኝ አልደበቅም። «የመለስኳችሁ እኔ ነኝ እንጂ እናቴ አይደለችም፤ ተኝታ ነበር» እላቸዋለሁ፣ እትዬ ሂሩትም ባለችበት። ከዚያ ሦስቱንም ሽማግሌዎች እንደገና እለምናቸዋለሁ፣ ጋሼ አምሳሉን በክንዱ ይዤ ደረጃውን አወጣዋለሁ፣ ሰንሰለቱንም እኔው ራሴ እፈታለሁ።